ሰማያዊው ጠብታ፦ የመዳብ ፔፕታይድ ለቆዳችን ምን ያደርጋል? ምንስ አያደርግም?



በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ በእህቶች ክፍል በኩል አንድ ጥያቄ ደረሰን። ጠያቂዋ እህታችን ልጅ ሳለች የፈላ ውሃ ተደፍቶባት ግራ ጉንጯ ላይ የቀረ ጠባሳ አላት። ለዓመታት ከጠባሳው ጋር ለምዳ ኖራለች። ግቢ ከገባች ወዲህ ግን የሰው ዓይን ከበዳት። በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አሳያትና «ይሄ መዳብ ፔፕታይድ ነው፤ ጠባሳ ያጠፋል፣ በ1 ወር አዲስ ቆዳ ታወጫለሽ» አላት። ዋጋው ቤተሰቦቿ በ3 ወር ውስጥ ከሚልኩላት የኪስ ገንዘብ ጋር እኩል ነው። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «እውነት ነው? ልግዛው? ሐላልስ ነው?»

በዚያው ሰሞን ከእኛው ዶርም አንድ ወንድም በኳስ ሜዳ የታፋው ጡንቻ ተጎድቶ ሲያነክስ ሰነበተ። አንድ ቀን ከሶላት ስንመለስ አልጋው ላይ ዱቄት ያለበት ብልቃጥና መርፌ አገኘን። ስሙን ስናነብ ያው የመዳብ ፔፕታይድ ነው። «ሥጋን ይጠግናል ብለውኛል፤ በውሃ በጥብጬ ራሴን ልወጋ ነው» አለን። ቢያንስ አንብበን እስክንጨርስ እንዲቆይ ለምነነው እሺ አለ።

እኛ የምህንድስና ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ ያነበብነውን ለጤና ሳይንስ ተማሪ ወንድሞችና እህቶች አሳየናቸው፤ የተሳሳትነውንም አረሙልን። ሁለቱ ጥያቄዎች የብዙዎቻችሁ ጥያቄ እንደሚሆኑ ስለገመትን መልሱን እዚህ አስፍረነዋል።

ፔፕታይድ ምንድን ነው? መዳቡስ ከየት መጣ?

ሰውነታችን የተሠራባቸው ፕሮቲኖች አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትንንሽ ፍሬዎች የተሰኩ ናቸው። ሙስበሓ አስቡ። ረጅሙ ሙስበሓ ፕሮቲን ቢሆን፣ ከእሱ ላይ የተቆረጠች የጥቂት ፍሬዎች ክር ፔፕታይድ ትባላለች። የእኛዋ ፔፕታይድ 3 ፍሬ ብቻ ናት፦ ግላይሲን፣ ሂስቲዲንና ላይሲን። በእንግሊዝኛ ምህጻሯ ጂ.ኤች.ኬ ትባላለች። እቃው ላይ «ኮፐር ትራይፔፕታይድ-1» ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ነው።

ይህች ትንሽ ክር መዳብን አጥብቃ የመያዝ ጠባይ አላት። መዳቡን ስትይዝ ፈሳሹ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ ከመዳቡ እንጂ ከተጨመረ ማቅለሚያ አይደለም።

መዳብ ስንል ደግሞ የሽቦ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ወደ 0.9 ሚሊግራም የሚጠጋ መዳብ ያስፈልገዋል፤ ከምስር፣ ከሽምብራ፣ ከሰሊጥና ከጉበት ያገኘዋል። ሽሮና ምስር ወጥ ለማይለየው የካፌ ተማሪ ይህ መልካም ዜና ነው። ልኩ ሲያንስም ሲበዛም ግን ችግር ነው። ሜንኬስ የሚባል በውርስ የሚመጣ በሽታ ያለባቸው ሕፃናት መዳብን በአግባቡ መጠቀም ስለማይችሉ ፀጉራቸው የተቆራረጠ፣ ቆዳቸው የላላ፣ የደም ሥሮቻቸው ደካማ ይሆናሉ። ዊልሰን የሚባለው በሽታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መዳብ ከሰውነት መውጣት አቅቶት ጉበትና አንጎል ውስጥ ይከማቻል።

ቁስል እንዴት ይጠገናል?

ግንባታ ቦታ ለልምምድ የወጣ ተማሪ ይህን ቶሎ ይረዳል። አርማታ ብቻውን ተጭኖ ሲጎተት ይሰነጠቃል፤ መጎተትን የሚችለው ውስጡ ያለው ፌሮ ነው። የቆዳችን ፌሮ ኮላጅን ይባላል። ፌሮው ደግሞ በጥቁር ሽቦ ካልታሰረ አርማታው ሲፈስ ከቦታው ይንሸራተታል። ኮላጅንን ከኮላጅን ጋር የሚያስተሳስር ላይስል ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም ያለ መዳብ አይሠራም። የሜንኬስ ሕፃናት ቆዳ የሚላላውም ለዚህ ነው፤ ፌሮው አለ፣ ማሰሪያው ግን የለም።

ቆዳ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ጥገናው በ4 ደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ደም ይቆማል። ቀጥሎ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፤ የመከላከያ ሕዋሳት ጀርምና ፍርስራሽ ያጸዳሉ። ከዚያ አዲስ ኮላጅንና አዲስ የደም ሥር ይዘረጋል። በመጨረሻም በችኮላ የተዘረጋው ኮላጅን እየፈረሰ በተሻለ መልክ ይደረደራል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። እንደዚያም ሆኖ የዳነው ቦታ ከድሮው ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ገደማ ቢደርስ ነው እንጂ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

አሁን ወደ ፔፕታይዷ እንመለስ። ጂ.ኤች.ኬ ከኮላጅን ሰንሰለት ውስጥም ተሰክታ ትገኛለች። ቆዳ ሲጎዳና ኮላጅኑ ሲፈርስ ልትለቀቅ ትችላለች። የተመራማሪዎቹ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከፍርስራሹ የወጣችው ቁራጭ መዳብ ትይዝና ለአካባቢው ሕዋሳት «እዚህ ፈርሷል፣ ሥራ ጀምሩ» የምትል ምልክት ትሆናለች። ሱብሓነላህ! ሕንፃው ሲፈርስ ጡቡ ራሱ ሄዶ ግንበኛውን እንደጠራ ማለት ነው።

ነገሩ እንዴት ታወቀ?

ታሪኩ የሚጀምረው ከቆዳ ሳይሆን ከጉበት ነው። ሎረን ፒካርት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በዕድሜ ከገፉ ሰዎች የተወሰደ የጉበት ሥጋ ከወጣት ሰው ደም በተገኘ ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጥ እንደ ወጣት ጉበት መሥራት እንደሚጀምር አስተዋለ። ይህን ያደረገው ምን እንደሆነ ሲፈልግ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህችን ባለ 3 ፍሬ ክር አገኘ። በተደጋጋሚ እንደሚጠቀሰው መጠኗ በ20 ዓመት ሰው ደም ውስጥ በ1 ሊትር 200 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን፣ በ60 ዓመት ወደ 80 ይወርዳል።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1988 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ኮላጅን የሚያመርቱትን የቆዳ ሕዋሳት በብርጭቆ ሳህን ላይ አሳድገው የመዳብ ፔፕታይድ ጨመሩባቸው። ሕዋሳቱ የሚያመርቱት ኮላጅን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ቤተ ሙከራዎችና በእንስሳት ቁስል ላይ የተደረጉ ብዙ ሥራዎችም ወደዚያው አቅጣጫ ያመለክታሉ።

ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል። መዳብ ፔፕታይድ አላህ በሰውነታችን ውስጥ ያኖረው እውነተኛ ነገር ነው፤ በቤተ ሙከራም ሥራው ታይቷል። የእህታችን ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እሷ የምትጠይቀው በሳህን ላይ ስላለ ሕዋስ ሳይሆን በጉንጯ ላይ ስላለ ጠባሳ ነው። በሳህኑና በጉንጯ መካከል ረጅም መንገድ አለ።

ሰነዱን እንመርምር

መድረሳ የቀራን ሁላችን አንድ ልማድ ይዘን ወጥተናል፤ ወሬ ሲመጣ «ማን አለ? ከማን ሰማ?» እንላለን። የሐዲስ ሊቃውንት ንግግሩ አማረ ብለው አይቀበሉም ነበር፤ የሚያስተላልፈውን ሰው አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። የሳይንስን ወሬም በዚሁ ልማድ ብናየው አንጎዳም። ማዕረጋቸው አንድ ነው ማለታችን አይደለም፤ ጥንቃቄውን ለመዋስ ያህል ነው።

በሰው ላይ የተሠሩትን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1994 በስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ የመዳብ ፔፕታይድ ቅባት ተሞክሮ የተሻለ መዳን እንደታየ ታትሟል። ጥሩ ጅምር ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ይኼን ያህል ዓመት አልፎም የመዳብ ፔፕታይድ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የጸደቀ የቁስል መድኃኒት አልሆነም።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ የቀረበ ሥራ ደግሞ 71 ሴቶች ለ12 ሳምንት ፊታቸውን ቅባቱን ተቀብተው የደቃቅ መስመሮች መቀነስና የቆዳ ልስላሴ እንደታየ ይናገራል። ልብ በሉ፤ የተጠናው በዕድሜ የመጣ መሸብሸብ ነው እንጂ የቃጠሎ ጠባሳ አይደለም።

እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረን እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ነው። ፊታቸው በሌዘር የታከመ 13 ሰዎች ከሕክምናው በኋላ ከፊሎቹ የመዳብ ፔፕታይድ ያለበትን፣ ከፊሎቹ የሌለበትን እንክብካቤ ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደወሰደ የማያውቁ ገምጋሚዎች የፊታቸውን መቅላትና መስመሮች ሲለኩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። መዳቡን የተጠቀሙት ሰዎች ግን በቆዳቸው ይበልጥ ደስተኞች ነበሩ። መለኪያው ያላየውን ልብ አይቷል ማለት ነው። ብዙ ገንዘብ የከፈልንበት ነገር የሠራ ሲመስለን እናውቀዋለን። ስለዚህ «እኔ ተጠቅሜ አይቻለሁ» የሚል ምስክርነት ቅን ሆኖም ሊሳሳት ይችላል። ተናጋሪው አልዋሸም፤ ዓይኑ ተስፋውን ተከትሎ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ስለዚህ ፔፕታይድ ከተጻፉትና በብዛት ከሚጠቀሱት የማጠቃለያ ጽሑፎች ውስጥ ብዙዎቹን የጻፈው ያው ፒካርት ከባልደረቦቹ ጋር ሲሆን፣ እሱ ራሱ የመዳብ ፔፕታይድ ምርት የሚሸጥ ድርጅት የመሠረተ ሰው ነው። ይህ ሥራውን ውሸት አያደርገውም። ነገር ግን ሻጭ ስለ ዕቃው ሲመሰክር ሌላ ምስክር መፈለግ የማንኛውም ገዢ መብት ነው።

ትንሽ ሒሳብ

የጠርሙሶቹ ማስታወቂያ ላይ «1 በመቶ»፣ «2 በመቶ»፣ «ከሁሉ ጠንካራው» የሚል ይታያል። ካልኩሌተር አውጥተን እንየው።

በ1988ቱ የፈረንሳይ ሥራ ሕዋሳቱ ከሁሉ በላይ ኮላጅን ያመረቱት መጠኑ በ1 ሊትር ውስጥ 0.4 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን ነው። 1 በመቶ የሆነ ጠርሙስ በ1 ሊትር ሲሰላ 10 ግራም፣ ማለትም 10 ሚሊዮን ማይክሮግራም ይሆናል። ለ0.4 ስናካፍለው 25 ሚሊዮን እጥፍ ነው። ሕዋሳቱ ከሚፈልጉት በ25 ሚሊዮን እጥፍ የበለጠ እቃው ውስጥ አለ። ስለዚህ ችግሩ የመጠን ማነስ አይደለም። 2 በመቶ ከ1 በመቶ ይሻላል የሚለውም ክርክር ብዙ ትርጉም የለውም።

ችግሩ መንገዱ ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ከሞቱ ሕዋሳትና ከቅባት የተሠራ ግድግዳ ነው። ፊት ላይ 1 ሚሊሜትር ለ50 ቢከፈል ከሚደርሰን ብዙም አይበልጥም፤ ቢሆንም ከውጭ የሚመጣን ነገር ለመከልከል የተሠራ ነው። የቆዳ ሐኪሞች እንደ ግምት የሚጠቀሙበት ደንብ አለ፦ ሞለኪውላዊ ክብደቱ ከ500 ዳልተን የሚበልጥ ነገር ጤናማ ቆዳን ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። የመዳብ ፔፕታይድ 400 ገደማ ስለሆነ ከደንቡ በታች ነው፤ ግን ውሃ ወዳድ ስለሆነ በቅባታማው ግድግዳ ውስጥ በቀላሉ አያልፍም። ጥቂቱ ይገባል፤ አብዛኛው ላይ ይቀራል፤ ቀጣዩ ውዱእም ያጥበዋል።

ሌላም ሒሳብ አለ። «በዕድሜ ከደም ውስጥ ስለሚቀንስ ቆዳ ያረጃል፤ ብትሞሉት ወጣት ትሆናላችሁ» ይባላል። ነገር ግን በ60 ዓመቱ ሰው ደም ውስጥ የቀረው 80 ማይክሮግራም ራሱ፣ በሳህን ላይ ሕዋሳቱን ካነቃቃው 0.4 በ200 እጥፍ ይበልጣል። ደም ውስጥ ያለው ሁሉ መዳብ ይዞ ለሥራ የተዘጋጀ ነው ማለት አይደለም፤ ቢሆንም «መቀነስ» ብቻውን የእርጅናን ምክንያት እንደማያስረዳ ያሳየናል። ሁለት ነገሮች አብረው ስለሄዱ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም።

ሰማያዊ ሁሉ አንድ አይደለም

ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያያችሁትን ሰማያዊ ኮፐር ሰልፌት አስታውሱ። እሱም በውሃ ሲሟሟ ያምራል፤ ቆዳንና ዓይንን ግን ይቆጠቁጣል፣ ቢዋጥ ይመርዛል። ስለዚህ «ሰማያዊ ስለሆነ እውነተኛ ነው» ማለት አይቻልም። ቀለም መዳብ መኖሩን ቢጠቁም እንኳ ፔፕታይዱ መኖሩን አይነግረንም። ያለ ስም፣ ያለ መለያ ቁጥር፣ ያለ አምራች አድራሻ በትንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ነገር ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል።

ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። «ኮላጅን ፔፕታይድ» ተብሎ የሚበጠበጥና የሚጠጣ ዱቄት ከዚህ የተለየ ነው። እሱ ከእንስሳት ቆዳ፣ አጥንት ወይም ከዓሣ የሚወጣ ሲሆን ከአሳማም ሊሠራ ስለሚችል ምንጩን ሳያጣሩ መጠጣት አይገባም።

መርፌውስ?

ወደ ዶርማችን ወንድም እንመለስ። ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ቢያንስ ያ ግድግዳ ይከለክለዋል። መርፌ ግን ግድግዳውን ሰብሮ ይገባል። ያልጸዳ ዱቄት ከሆነ ጀርሙም፣ ከሥራው የቀረው ቆሻሻም አብሮ ይገባል። መግል መቋጠር፣ የደም መመረዝ፣ የሰውነት ብርቱ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 በመርፌ የሚሰጠውን የመዳብ ፔፕታይድ፣ በመድኃኒት ቤት ተቀምሞ ሲሰጥ ከባድ የደኅንነት ሥጋት ሊያመጡ ይችላሉ ካላቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ብዙዎቹ ብልቃጦች ላይ «ለምርምር ብቻ» ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። ለሰው እንዲወጋ አልተሠራም ማለት ነው። የተጎዳ ጡንቻን ይጠግናል ለማለትም በሰው ላይ የተሠራ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘንም። ወንድማችን ይህን ሰምቶ መጀመሪያ ተከራከረን፤ በማግስቱ ግን ብልቃጡን ይዞ ከግቢው ክሊኒክ ሄደ። ዕረፍት፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴና ትዕግሥት ታዘዘለት። ብልቃጡም ሳይከፈት ቀረ።

ሐላል ነው? ውዱእስ?

ፈትዋ መስጠት የእኛ ቦታ አይደለም፤ የተጠራጠረ ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ። ጠያቂው እንዲዘጋጅ የሚረዳውን ቁሳዊ እውነታ ግን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ፔፕታይዷ መጀመሪያ የተገኘችው በሰው ደም ውስጥ ነው። ዛሬ ለቅባት የምትውለው ግን ከደም አትወጣም፤ በፋብሪካ ከአሚኖ አሲዶች ተገጣጥማ ትሠራለች። ቅባቱ ውስጥ የሚጨመሩ ሌሎች ነገሮች ግን ከእንስሳ ሊሆኑ ስለሚችሉ ዝርዝሩን ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ውዱእ። ዋናው ጥያቄ ውሃ ቆዳ ላይ እንዳይደርስ የሚከለክል ሽፋን አለ ወይ የሚለው ነው። እንደ ሂና ቀለሙ ብቻ የሚቀር ነገርና እንደ ጥፍር ቀለም ንጣፍ የሚሠራ ነገር በፊቅህ እንደሚለያዩ ሁላችን ተምረናል። ውሃማ የሆነው ሴረም ንጣፍ አይሠራም፤ ወፍራም ሲሊኮን የበዛበት ቅባት ግን ውሃ ሊከለክል ስለሚችል ከውዱእ በፊት ታጥቦ ቢወገድ ጥርጣሬ አይተርፍም።

ሦስተኛ፣ እህታችን በጥያቄዋ መጨረሻ «ጠባሳዬን ለማጥፋት መፈለጌ የአላህን ፍጥረት መለወጥ ይሆንብኛል?» ብላ ነበር። እዚህ ላይ የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድን (ረ.ዐ.) ታሪክ እናስታውሳት። አፍንጫው በኩላብ ውጊያ ተቆርጦ ከብር የተሠራ አፍንጫ አደረገ። ብሩ ሸተተበት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ ክልክል ሆኖ ሳለ ለጉዳቱ ተፈቀደለት። የምህንድስና ተማሪ ሆነን ስናየው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፤ ሁለቱም የከበሩ ማዕድናት ናቸው፣ ሰውነት ላይ ሲውሉ ግን ጠባያቸው ይለያያል። ኡለማዎች ይህን ታሪክ የጉዳትን ምልክት በማስወገድና ለውበት ብቻ ፍጥረትን በመለወጥ መካከል ያለውን ልዩነት ሲያስረዱ ያነሡታል። እህታችን ሆይ፣ የተጎዳ ቆዳሽን ለማከም መፈለግሽ የሚያሳፍር አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ካነበብነው ወደ ተግባር የሚወርደው ይህ ነው።

የተከፈተ ቁስልና አዲስ ቃጠሎ ላይ ማንኛውንም የውበት ፈሳሽ አታድርጉ። ቃጠሎ ሲደርስ ቦታውን በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማቆየት ከማንኛውም ውድ ጠርሙስ ይበልጣል። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ የተፈጨ ቡና አታድርጉበት። በጥልቀት የተቆረጠ ወይም ሰፊ ቃጠሎ ያለበት ሰው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የቴታነስ ክትባቱንም ይጠይቅ።

አዲስ የዳነ ቁስል እንዳይጠቁር ከፀሐይ ጠብቁት። ከፍ ያለ ጠባሳ ላይ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያዙት የሲሊኮን ጄል ወይም ልጣፍ ነው። ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ኬሎይድ ካለ ደግሞ በሐኪም እጅ የሚታከም እንጂ በጠርሙስ የሚታለፍ አይደለም።

ከታወቀ አምራች የተገኘ የመዳብ ፔፕታይድ ቅባት ጤናማ ቆዳ ላይ መቀባት ለብዙ ሰው ጉዳት አያመጣም፤ ምናልባትም ቆዳን ትንሽ ያለሰልስ ይሆናል። ገንዘብ ተርፎት፣ ቃል የተገባውን ሁሉ ሳይጠብቅ ለሚሞክር ሰው እንቅፋት የለብንም። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብቶ 1 ቀን ይጠብቅ። ከቫይታሚን ሲና ከአሲድ ቅባቶች ጋር በአንድ ሰዓት አይቀላቅለው፤ አሲዱ መዳቡን ከፔፕታይዱ ሊያላቅቀው፣ መዳቡም ቫይታሚን ሲውን ሊያበላሸው ይችላል። የዊልሰን በሽታ ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው። በመርፌ መውጋት ፈጽሞ አይሞከር።

በመጨረሻ ወደ እህታችን ጥያቄ። «እውነት ነው?» ብላ ነበር። መልሳችን፦ ፔፕታይዱ እውነት ነው፤ የሻጩ ቃል ግን እውነት አይደለም። የዓመታት የቃጠሎ ጠባሳ በ1 ወር በጠብታ አይጠፋም፤ የዳነ ቁስል ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ «ፈርሷል፣ ጠግኑ» የሚል መልእክት ቢላክለትም ወደ ድሮው ቆዳ አይመለስም። «ልግዛው?» ላለችውም፦ የ3 ወር ገንዘብሽን ለዚህ አታውጪ አልናት።

ከ2 ሳምንት በኋላ መልእክት ላከችልን። ገንዘቡን አላወጣችውም። ከእህቶች ክፍል አንዷ ይዛት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። ሐኪሟ ጠባሳውን በሚገባ አይተው ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋ፣ ነገር ግን ሊቀልልና ሊለሰልስ የሚችልበት ሕክምና እንዳለ፣ ጊዜም እንደሚወስድ ነግረዋታል። «እውነቱን ነግረውኝ ተመለስኩ» ብላ ነው የጻፈችው። ደስ አላት አንልም። ግን የምትይዘው ነገር አገኘች።

አላህ ለታመሙ ወንድሞችና እህቶቻችን ሁሉ ሺፋ ይስጥልን። ተመሳሳይ ነገር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁን፤ የማናውቀውን ከሚያውቁት ጠይቀን እንመልስላችኋለን፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።